ትንሿ ጣት በጎረቤቷ ላይ ስትወጣ፦ ትቆረጥ ወይስ ትቃና?

ጥያቄ፦ «ሰላም ዶክተር። ዕድሜዬ 26 ነው፤ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ነው የምሠራው። ከተወለድኩ ጀምሮ የሁለቱም እግሬ ትንሿ ጣት አጠገቧ ባለችው ላይ ወጥታ ነው የምትቀመጠው፤ አባቴም እንዲሁ ናቸው። ሥራ ቦታ ሽፍን ጫማ ግዴታ ነው። ማታ ሳወልቀው የቀኟ ጣት አናቷ ተልጦ፣ አንዳንዴም ደምቶ አገኘዋለሁ። የደደረውን ቆዳ በምላጭ እየላጨሁ ነው የምኖረው። አንዲት ዘመዴ "ምን ትሠራልሻለች፣ አስቆርጫት" ትለኛለች፤ ወጌሻ ደግሞ "ስቤ፣ አስሬ አቃናታለሁ" ብሎኛል። የአንድ ዓመት ከሁለት ወር ልጄም ጣቷ እንደኔው ነው። ኦፕራሲዮን አለው ወይ? ለልጄስ ከአሁኑ ላሠራላት?»

ምላሽ፦

አብሽሪ እህቴ። ያለብሽ በሕክምናው ዓለም በደንብ የታወቀ፣ ካስፈለገም በቀዶ ሕክምና የሚቃና ነገር ነው። ጣትሽን አታስቆርጪ። ወጌሻውም አይንካት። ለልጅሽ ደግሞ ዛሬ ምንም የሚሠራ ነገር የለም። መልሱ በአጭሩ ይኸው ነው፤ ቀሪውን የምጽፈው ምክንያቱን ሳታውቂ እንድትወስኚ ስለማልፈልግ ነው።

እንዲህ ያለችው ጣት ከማኅፀን ጀምራ እንዲህ ናት። ብዙ ጊዜ በዘር ትወርዳለች፣ ብዙ ጊዜም በሁለቱም እግር ላይ ትገኛለች፤ ስለዚህ በአባትሽ፣ በአንቺና በልጅሽ መታየቷ የሚያስገርም አይደለም። በእርግዝናሽ ጊዜ የበላሽው ወይም የተሸከምሽው ነገር በልጅሽ ላይ አላመጣባትም፤ ይህን የምለው ጥያቄሽ ውስጥ ባይጻፍም ብዙ እናቶች በልባቸው ይዘውት ስለሚመጡ ነው። ጫማም ቢሆን ጣቷን አላጣመማትም። ጫማ ያመጣው ቁስሉን ነው። ጣቷን ማቃናትና ቁስሉን ማዳን ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ ሁለተኛው ያለ ቢላዋ ሊሳካ ይችላል፤ ከተሳካ ደግሞ የመጀመሪያው ላያስፈልግሽ ይችላል። እንዲህ ዓይነት ጣት ይዘው ዕድሜ ልካቸውን አንድም ቀን ሳያማቸው የሚኖሩ ብዙ ሰዎች አሉ፤ አባትሽን ጠይቂያቸው። ሜዳ ላይ በበረባሶ ወይም በነጠላ ጫማ የሚውል ሰው ጣቱ ላይ የሚጫነው ነገር ስለሌለ ላያማርር ይችላል። አንቺን ያሳመመሽ የጣቷ አቀማመጥ ከጠባቡ ጫማና ከኮምቦልቻ ሙቀት ጋር መገናኘቱ ነው።

ከቆዳው ሥር ያለው ነገር ይህን ይመስላል። ጣቷን ወደ ላይ የሚጎትታት ጅማት አጥሯል፤ ጣቷን ወደ ታች ስትጫኛት እንደ ክራር ጅማት ተወጥሮ ከላይ በኩል ይታይሻል። ጣቷ ከእግር መዳፍ አጥንት ጋር የምትገናኝበትን መገጣጠሚያ የሚሸፍነው ሽፋንም ከላይና ከውስጥ በኩል ተሰብስቦ ደርቋል። ሦስተኛው፣ ሰው ሁሉ የሚረሳው፣ ራሱ ቆዳው ነው፦ በላይ በኩል ያለው ቆዳ ያጥራል፣ በታች በኩል ያለው ይተርፋል። ጣቷ በዚህ ላይ ትጠማዘዛለች፤ ጥፍሯ ወደ ሰማይ ከማየት ፈንታ ወደ ውጭ ይዞራል። ቀዶ ሐኪሙ ከሦስቱ አንዱን ብቻ ለቅቆ ሁለቱን ከተወ ጣቷ ተመልሳ ትወጣለች። ጅማቷን ብቻ በጥሰው የላኳቸው ሰዎች ከዓመት በኋላ ወደነበረችበት ተመለሰች እያሉ የሚመጡት በዚህ ምክንያት ነው።

ወጌሻውን የተቃወምኩትም ወጌሻን ስለምንቅ አይደለም። የወለቀ ትከሻ ሲመልሱ ያየኋቸው ብልህ እጆች አሉ። ግን የ26 ዓመት ቆዳና የመገጣጠሚያ ሽፋን በመሳብ አይረዝምም። ጣቷን ወደ ታች ጎትቶ በጥብቅ ማሰር ደግሞ የደም ሥሮቿን ይዘጋል። ስብራት አለው ተብሎ በቀርከሃና በጨርቅ ጠብቆ ታስሮ የጠቆረና የሞተ እጅና እግር በአገራችን ሆስፒታሎች ሁሉ የሚታይ ሐዘን ነው። ትንሿ ጣትም ከዚህ አደጋ ነጻ አይደለችም።

መቆረጡስ? ዘመድሽ ያለችሽ ነገር ለብዙ ሰው ትክክል ይመስላል፤ ትንሿ ጣት በርግጥም ለመራመድ የምታበረክተው ጥቂት ነው። ችግሩ የሚመጣው ከሄደች በኋላ ነው። ከጣቷ ሥር ያለው የእግር መዳፍ አጥንት ራስ ከውጭ በኩል ያለ ከለላ ይቀራል፤ ጫማው ቀጥታ እሱ ላይ ያርፋል። አራተኛዋ ጣት ደግሞ የሚደግፋት ስለማይኖር ቀስ እያለች ወደ ውጭ ትሸሻለች። ስለዚህ ሕመሙ ቦታ ይቀይራል እንጂ አይጠፋም፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ መልሰን የምንተክላት ጣት የለችም። ጣት የሚቆረጥባቸው ጊዜያት አሉ፦ የሞተች ጣት፣ በስኳር ሕመምተኛ ላይ አጥንት ውስጥ የገባ መመርቀዝ፣ እጢ፣ ወይም ረጅሙን ኦፕራሲዮንና ማገገሚያውን የማይችሉ አዛውንት። አንቺ ከእነዚህ ውስጥ አይደለሽም።

አሁን ከቢላዋ በፊት ያለውን ልንገርሽ። በዚህ ላይ የምዘገየው ሆን ብዬ ነው፤ ለኦፕራሲዮን የመጡ ብዙ ሰዎች ይህን ጨርሰው አልሞከሩትም።

ምላጩን ዛሬውኑ ተዪው። ካሎ የምንለው የደደረ ቆዳ ሰውነትሽ ግጭቱን ለመቋቋም የሠራው ጋሻ ነው፤ በምላጭ ስትልጪው ሕያው ሥጋ ትነኪያለሽ፣ ጀርም ይገባል፣ የዳነው ቆዳ ደግሞ ከቀድሞው በልጦ ይደድራል። በእሱ ፈንታ ማታ እግርሽን ለብ ባለ ውኃ ዘፍዝፈሽ፣ የደደረውን በእግር መፈግፈጊያ ድንጋይ በቀስታ እያሸሽ አሳሽው፤ ከዚያ ቫዝሊን ቀቢው። ተልጦ ወይም ደምቶ ከሆነ ግን እስኪድን ድንጋዩንም አታስነኪው። ፋርማሲ የሚሸጠውን ካሎ የሚያቃጥል አሲድ ያለበት ፕላስተርም አልመክርሽም፤ ጤነኛውን ቆዳ አብሮ ያቃጥላል፣ ስኳር ያለበት ሰው ጭራሽ ሊነካው አይገባም።

በአራተኛዋና በአምስተኛዋ ጣት መሐል ነጭና እርጥብ፣ የሚያቃጥል ቁስል ካየሽ ደግሞ እሱ ለስላሳው ካሎ ነው። ሁለቱ ጣቶች ተደራርበው ስለሚጫጫኑና እርጥበት ስለሚይዙ ይመጣል፤ ፈንገስም ይጨመርበታል። በቀን አምስት ጊዜ ውዱእ የሚያደርግ ሰው በጣቶቹ መሐል ውኃ ያሳልፋል፤ ንጽሕናው መልካም ነው፣ ጉዳቱ ሳይደርቅ ጫማ ውስጥ መግባቱ ነው። ትንሽ ንጹሕ ጨርቅ በቦርሳሽ ያዢና ሁልጊዜ በጣቶችሽ መሐል አድርቂ። ማታ ማታ በሁለቱ መሐል ጥቂት ጥጥ ማስገባት ብዙ ይረዳል።

ወደ ጫማው እንምጣ። ማታ፣ እግርሽ አብጦ ባለበት ሰዓት፣ ወረቀት ላይ ቁሚና ዙሪያውን በእርሳስ አስምሪ። ከዚያ የሥራ ጫማሽን በሥዕሉ ላይ አስቀምጪው። የጫማው ሶል ከሥዕሉ ጠብቦ ከተገኘ መልሱን አገኘሽ ማለት ነው። አፉ፣ ማለትም ጣቶችሽ የሚያርፉበት የፊት ክፍሉ፣ ሰፊና ከፍ ያለ ጫማ ፈልጊ፤ ቁጥሩን ብቻ ማሳደግ አይጠቅምም፣ እግርሽ ወደ ፊት እየተንሸራተተ ጣትሽን ይብስ ይጫናታል። ቆዳ ጫማ ከሆነ ጫማ ሰፊ ጋ ወስደሽ ጣትሽ የሚያርፍበት ቦታ ላይ በቅርጽ እንጨት እንዲያሰፋልሽ ጠይቂው፤ ነጥቡን ራስሽ በኖራ ምልክት አድርጊለት። ፕላስቲኩ ኮንጎ ጫማ እንዲህ አይሰፋም፣ ላብም ያፈላል፤ ለአንቺ እግር አይሆንም። የፋብሪካው ግዴታ ሽፍን ጫማ እንጂ ጠባብ ጫማ አይደለም፤ ከሐኪም በተጻፈ ወረቀት ሰፊ ቅርጽ መጠየቅ ትችያለሽ፣ ጠይቂም። በጣቷ አናት ዙሪያ እንደ ቀለበት የተቆረጠ ስፖንጅ ማድረግ ግጭቱን ያርቅልሻል፤ ስፖንጁ ካሎውን ከብቦ ይቀመጥ እንጂ ላዩ ላይ አይጫን።

ይህን ሁሉ ለሁለት ወይም ለሦስት ወር ሠርተሽ ቆዳው ከዳነና ሕመሙ ከቀለለ፣ እኔ ብሆን ኦፕራሲዮን አላደርግልሽም። ለመልክ ብቻ የምትሠራ ትንሽ ጣት ጠባሳ፣ መደንዘዝና ግትርነት ልታተርፍ ትችላለች፤ ያልታመመን ነገር ለማሳመር ይህን መክፈል ተገቢ ነው ብዬ አላምንም። ካልቀለለሽ ግን ችግርሽ እውነተኛ ነው፤ በየቀኑ የሚደማ ጣት ይዞ ስምንት ሰዓት መቆም የለብሽም።

ወደ ኦፕራሲዮን ከመሄድሽ በፊት ሐኪሙ ሊያያቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። በእግርሽ ላይ የደም ሥር ትርታ ይዳሰሳል። ስኳርሽ ይለካል። ጣትሽ ይሰማት እንደሆነ ይፈተናል፤ ይህን በጣም አጠብቃለሁ። ቁስሉ ካለበት መጠን ያነሰ የሚያም ከሆነ፣ ወይም ቆዳሽ ላይ የደበዘዘና የማይሰማ ነጥብ ካለ፣ ከጣቷ በፊት የሥጋ ደዌና የስኳር ምርመራ ይቀድማል። የሥጋ ደዌ በእኛ አካባቢ አልጠፋም፤ መድኃኒቱ በነጻ ይሰጣል፣ ይድናልም። ደሴ አጠገብ ያለው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል በዚህ ሕክምና ከድሮ ጀምሮ የሚታወቅ ነው። ነርቩ የሞተ እግር ላይ የተሠራ ኦፕራሲዮን በቀላሉ አይድንም። ቀጥሎ ቆመሽ፣ ክብደትሽ እግርሽ ላይ አርፎ፣ ራጅ ትነሻለሽ። ተኝተሽ የተነሳ ራጅ የአጥንቶቹን እውነተኛ አቀማመጥ ስለማያሳይ፣ ራጅ የሚያነሳው ባለሙያ ተኚ ቢልሽ «ቆሜ ነው የታዘዘልኝ» በይው።

ኦፕራሲዮኑ ራሱ ብዙ ዓይነት አለው፤ የሚመረጠውም ጣቷ በእጅ ስትገፋ ወደ ቦታዋ መግባቷን ወይም ግትር መሆኗን አይቶ ነው። ቀላል ለሆነች ጣት ከላይ ያለውን ቆዳ በማስረዘምና ጅማቱን በመልቀቅ ብቻ መገላገል ይቻላል። እንዳንቺ ከልጅነቷ ጀምራ ሙሉ በሙሉ ለወጣች፣ ግን አጥንቷ ላልገተረ ጣት የምመርጠው በትለር በሚባል ቀዶ ሐኪም ስም የሚጠራውን ነው፤ ኮኪን የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በ1968 እ.ኤ.አ. በጽሑፍ ካወጣው ወዲህ በዓለም ዙሪያ ይሠራበታል። ቆዳው በጣቷ ሥር ዙሪያውን ይቀደዳል፤ ከላይ አንድ፣ ከታች ደግሞ ወደ ውጭ ያዘነበለ ረዘም ያለ ሌላ ጭራ ይጨመርበታል። ሐኪሙ ጅማቱን ይለቅቃል፣ የደረቀውን የመገጣጠሚያ ሽፋን ይከፍታል። በዚህ ጊዜ ጣቷ የተያያዘችው በአጥንቷ፣ በታች በኩል ባሉት ጅማቶቿና በሁለት ቀጫጭን የደም ሥርና የነርቭ ገመዶች ነው። ከዚያ ምንም ሳትጎተት ወደ ታችና ወደ ውጭ ዞራ ከታች በተከፈተው ቦታ ትቀመጣለች፤ ከላይ የነበረው ቀዳዳም ይዘጋል። ውበቱ በታች የተረፈው ቆዳ በላይ የጎደለውን መሙላቱ ነው። ጣቷን በቦታዋ የሚይዛት አዲሱ የቆዳ አቀማመጥ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ሽቦ እንኳ አያስፈልግም።

አጥንቷ ለገተረች ጣት ከአጥንቷ የተወሰነ ክፍል ማውጣት ሊያስፈልግ ይችላል። በ1954 እ.ኤ.አ. ሩዊዝ ሞራ የተባለ ሐኪም ያስተዋወቀው ዘዴ የጣቷን የመጀመሪያ አጥንት የሚያወጣ ነው። ጣቷ ትወርዳለች፤ ግን ታጥራለች፣ ትልፈሰፈሳለች፣ አራተኛዋም ጣት እየታጠፈች ልትቸገር ትችላለች። ወጣት ሰው ላይ እንደ መጀመሪያ ምርጫ አልወስደውም። ሐኪምሽ ይህን ካቀረበልሽ «ቆዳና ጅማቱን ብቻ በመልቀቅ አይሆንም ወይ?» ብለሽ የመጠየቅ ሙሉ መብት አለሽ፤ ጥሩ ሐኪም በዚህ ጥያቄ አይቆጣም።

አደጋውን ሳልነግርሽ ባልፍ እበድልሻለሁ። ትልቁ ሥጋት የደም ዝውውር ነው። ዘመኗን ሁሉ ተጨማድዳ የኖረች የደም ሥር በድንገት ስትዘረጋ ልትዘጋ ትችላለች። ኦፕራሲዮኑ እንዳለቀ ማሠሪያው ተፈትቶ ጣቷ ቀልታ መታየት አለባት። ነጭ ሆና ከቆየች ሐኪሙ ስፌቱን ያላላል፣ ያም ካልበቃ ጣቷን ወደ ድሮ አቀማመጧ ጥቂት ይመልሳታል። ቤት ከገባሽ በኋላም ጣቷ ከነጣች፣ ከጠቆረች ወይም ከቀዘቀዘች፣ ሕመሙም በማስታገሻ የማይበርድ ከሆነ፣ እስኪነጋ ሳትጠብቂ ተመለሺ። ጣቷን ማጣት በሠለጠነ እጅ እምብዛም የማይደርስ ነገር ነው፤ ግን ይደርሳል። ከዚያ የቀለሉት መመርቀዝ፣ ወፍራም ጠባሳ፣ መደንዘዝና ጥቂት ተመልሶ መውጣት ናቸው። ሲጋራና ሺሻ የደም ሥርን ያጠብባሉ፤ ጫትም እንዲሁ። ከኦፕራሲዮኑ በፊትና በኋላ ለሳምንታት ሦስቱንም ማራቅ የግድ ነው፤ አንቺ ባትጠቀሚም ይህን የሚያነቡ ሌሎች አሉና።

ሁለቱን እግር በአንድ ቀን እናሠራ የሚሉ አሉ። እኔ ለአንቺ በአንድ ጊዜ አንድ እላለሁ፤ በቀኙ፣ በሚደማው ጀምሪ። ገና ድክ ድክ የምትል ልጅ አለችሽ፤ ቢያንስ አንድ ደህና እግር ያስፈልግሻል። የቀኙ ውጤት ከታየ በኋላም ግራውን ጭራሽ ላለማሠራት ልትወስኚ ትችያለሽ።

ሥራው ራሱ ረጅም አይደለም፤ ቁርጭምጭሚት ላይ በሚወጋ ማደንዘዣ ተሠርቶ በዚያው ቀን መውጣት ይቻላል። ከባዱ የሚቀጥሉት ሳምንታት ናቸው። የመጀመሪያዎቹን ቀናት እግርሽ ከልብሽ ከፍ ብሎ በትራስ ላይ ይቀመጥ፤ ከመጸዳጃ ቤት በላይ አትራመጂ። በዚያው ቀን በተጨናነቀ ሚኒባስ፣ እግርሽን አንጠልጥለሽ፣ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በዚያ ጠመዝማዛ ቁልቁለት መውረድን አልወደውም፤ ዘመድ ካለሽ የመጀመሪያው ማሠሪያ እስኪቀየር ደሴ እደሪ። ስፌቱ በሁለት ሳምንት ገደማ ይወጣል። እስከዚያ ውኃ አይነካውም። ለውዱእ የተሠራውን እግር ማጠብ አትችይም፤ በፋሻ ላይ ስለማበስ ወይም በውኃ ፈንታ በንጹሕ አፈር ስለሚደረገው ተየሙም የምታምኛቸውን ዑለማ ጠይቂ፣ ለታመመ ሰው ማቅለያ እንዳለ ይነግሩሻል። በሶላት መቀመጥ ጊዜ ቀኝ እግርን አቁሞ ጣቶቹን ማጠፍ አዲሱን ስፌት በቀጥታ ይስበዋል፤ ስለዚህ ለስድስት ሳምንት ያህል ወንበር ላይ ተቀምጠሽ ስገጂ። ክርስቲያን የሆኑ ታካሚዎቼንም እንደዚሁ ቅዳሴ ላይ መቆሙን ለጊዜው ተዉት እላቸዋለሁ።

ስፌቱ ከወጣ በኋላ ጣቷን በፕላስተር ወደ ታች ደግፎ ማሠር ለጥቂት ሳምንታት ይቀጥላል፤ ሶሉ ጠንካራ፣ ፊቱ ክፍት የሆነ ጫማ ትጫሚያለሽ። ወደ ሽፍን ጫማ የምትመለሺው ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ጊዜ ነው፤ አጥንት ከተነካ ይረዝማል። እብጠቱ ግን ለወራት ይቆያል፤ በሦስተኛው ወር ጣቷ ቋሊማ መስላ ብታዪያት ኦፕራሲዮኑ ከሸፈ ብለሽ አትደንግጪ።

ስለ ሥራሽ ደግሞ ይህን እወቂ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በሕመም ምክንያት መሥራት ሲያቅተው የሕመም ፈቃድ ያገኛል፦ የመጀመሪያው አንድ ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት በግማሽ ደመወዝ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ያለ ደመወዝ። ከሆስፒታሉ የሐኪም ማስረጃ ያስፈልግሻል። ስለዚህ ቀኑን አስቀድመሽ አሳውቂና፣ ስድስቱን ሳምንት ሙሉ ዕረፊ፤ በሁለተኛው ሳምንት ተመልሰሽ መቆም ገንዘብሽንም ጣትሽንም ያባክናል። የሚመቸው ጊዜ በጋው ነው። ክረምት ላይ ጭቃና እርጥበት የእግር ቁስል ጠላት ናቸው፤ ይህ ለደጋ አንባቢዎቼ፣ ለመቄትና ለደላንታ ሰዎች፣ ከአንቺም ይበልጥ ይመለከታል። እነሱ አዝመራው ከተሰበሰበ በኋላ ቢመጡ ይሻላል፤ ቁስል ይዞ ማጭድ የሚያነሳ ገበሬን በምክር ብቻ ማስቀመጥ አይቻልም።

ልጅሽን በተመለከተ አትቸኩዪ። በዚህ ዕድሜ ጣቷን በቀን ጥቂት ጊዜ፣ ገላዋን ስታጥቢያት፣ በቀስታ ወደ ታችና ወደ ውጭ ማሳሳብ አይጎዳም፤ ግን በሙሉ የወጣችን ጣት እንደሚያቃና ቃል አልገባልሽም። ክር አታሥሪላት። በቤት ውስጥ ባዶ እግሯን ትሂድ፣ ከቤት ውጭ አፉ ሰፊ ጫማ አድርጊላት። ኦፕራሲዮን ቢያስፈልጋት እንኳ የደም ሥሮቿ ከፍ እስኪሉ፣ ቢያንስ አራት ወይም አምስት ዓመት እስኪሆናት እንጠብቃለን፤ ያን ጊዜም ካመማት ብቻ። አሁን ጣቷ የምታሳምመው ስታዪያት አንቺን እንጂ እሷን አይደለም። ወደፊት ካስፈለጋት አዲስ አበባ ውስጥ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል፣ በተጨማሪም ለሕፃናት የአጥንት ሕክምና የተቋቋመው ኪዩር ሆስፒታል አሉ።

ይህን ጥያቄ የሚያነቡ ሌሎች የእነሱ ችግር ከዚህ ጋር አንድ እንዳይመስላቸው ጥቂት ልጨምር። ጣቷ ቀጥ ብላ፣ ከሥሯ በውጭ በኩል የእግራችሁ አጥንት አብጦ የሚፋጅ ከሆነ ያ ሌላ ነው። እግርን አጣምሮ በጠንካራ ወለል ላይ ለሰዓታት መቀመጥና ጠባብ ጫማ ያባብሱታል፤ መጅሊስ ላይ የሚውሉ ሰዎች ከሥራቸው ወፈር ያለ ምንጣፍ ያድርጉ። እዚያ ላይ ኦፕራሲዮኑ አጥንት ነው የሚሠራው፤ የአጥንቱ ራስ ብቻ ከወፈረ የወጣውን መሞረድ፣ አጥንቱ ከጎበጠ ወይም ከአራተኛው ከራቀ ግን ቆርጦ ወደ ውስጥ አስጠግቶ በብሎን ወይም በሽቦ ማሠር። የአጥንቱን ራስ በሙሉ አውጥቶ መጣል ግን ክብደቱን ወደ አራተኛው አጥንት ስለሚያዛውር አይመከርም። ሕፃኑ ከትንሿ ጣት አጠገብ ስድስተኛ ጣት ይዞ ከተወለደ ደግሞ፣ በክር አሥሮ ለማስወደቅ ከመሞከር በፊት አጥንት እንዳላት በራጅ ይታይ።

አንድ ሌላ ግን ችላ እንዳትሉት። በትልቅ ሰው ትንሽ ጣት ሥር፣ በታችና በውስጥ በኩል፣ ቀስ እያለ የሚጠልቅ ቀለበት የመሰለ ስንጥቅ ከታየ አይንሁም የሚባል ሕመም ሊሆን ይችላል። ዳ ሲልቫ ሊማ የተባለ ሐኪም በ1867 እ.ኤ.አ. ብራዚል ውስጥ በዝርዝር የገለጸው ሲሆን፣ ይበልጥ የሚታየው በአፍሪካውያንና ዘራቸው ከአፍሪካ በሆነ ሰዎች ላይ ነው። ቀለበቱ እየጠበቀ ሄዶ በመጨረሻ ጣቷን በራሱ ይቆርጣታል። ገና ሲጀምር ከመጣችሁ ቆዳውን በዜድ ቅርጽ ቀድዶ በማላላት ጣቷን ማትረፍ ይቻላል፤ አጥንቱ ከሳሳ በኋላ ግን ማስወገድ ብቻ ነው የሚቀረው።

እህቴ፣ አንቺ ወደ ደሴ ሆስፒታል የአጥንት ክፍል ቀጠሮ አስይዢ፤ ከዚያ በፊት ባለው ጊዜ የጫማውን ነገር ጀምሪ። ስትሄጂ አዲስና የሚያምረውን ጫማሽን ሳይሆን የሥራ ጫማሽን አድርገሽ ሂጂ፤ ሐኪሙ እጁን አስገብቶ የት እንደሚጫንሽ ይዳስሰው። እግርሽን ያሰመርሽበትን ወረቀት፣ ጣትሽ በደማችባቸው ቀናት ያነሳሻቸውን ፎቶዎች፣ የምትወስጂው መድኃኒት ካለም ካርቶኑን ያዢ። ጥፍርሽን ቀለም አትቀቢ፤ የጣቷ የደም ዝውውር የሚታየው ጥፍሯ ተጭኖ ሲለቀቅ ነው። ልጅሽንም ይዘሻት ሂጂ፣ ሁለታችሁንም በአንድ ቀን ያያችሁ።